ማሽኑን ከነባለቤቱ

ዕድሜዬን ሙሉ ምንጣፍ ሳጥብ ኖሬ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ምረጪ የተባልኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያሳደግኋት የልጅ ልጄ ሕይወት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «እማዬ፣ ይቺን ተመልከቻት። ያገለገለች ናት፤ ግን አዲስ ነው የምትመስለው» አለችኝ።

«ጀርባዋን አሳዪኝ» አልኳት።

«ማሽን ናት እኮ! ማሽን ምን ጀርባ አለው?»

ጀርባ የሌለው ነገር የለም። ይህን ለእሷ ለማስረዳት ስል ነው መጻፍ የጀመርኩት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስላበቃ ጽሑፌ እንደ ተማረ ሰው አይፈስም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። ካየሁትም ብዙው ዛሬም እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የመጣሁት ልጅ እግር ሳለሁ ነው። ከበግ ጸጉር ምንጣፍ የሚሠራ አንድ ድርጅት ሴቶች ይቀጥር ነበር። ምኞቴ ሸማኔ መሆን ነበር። ምንጣፍ ሠሪዎቹ ከቆመው ድር ፊት ተቀምጠው ሲቋጥሩ ጣታቸው አይታይም፤ አበባው ብቻ ከታች ወደ ላይ ሲያድግ ይታያል። እኔን ግን አለቃው አየት አድርጎኝ፣ «ይቺ ትከሻ አላት፤ አጠባ ትግባ» አለ። አጠባ ክፍል ማለት ጣሪያ የተደረገለት ደጅ ነው፤ ከታች ሲሚንቶ፣ ከጎን የውሃ ገንዳ፣ ከሦስት በኩል የደብረ ብርሃን ንፋስ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጣቶቼ ስለማይታጠፉልኝ የልብሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ አከራዬ ነበረች።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ በለጡ የምትባል የመንዝ ሴት ነበረች። አጭር ናት፤ ድምጿ ከአፏ እምብዛም አይርቅም። ምንጣፍ ሲመጣላት ፊቱን አታይም። ሰው ሁሉ በአበባው ሲደነቅ እሷ ጥጉን ይዛ ትገለብጠውና ጀርባው ላይ ትንበረከካለች። መዳፏን ዘርግታ ከዳር እስከ ዳር ትዳስሰዋለች፤ የላላውን ቋጠሮ፣ ብል የበላውን፣ አንድ ጊዜ ረጥቦ በደንብ ሳይደርቅ የተጠቀለለውን ሁሉ እጇ ይነግራታል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ታረጥብና ቀዩ ቀለም ላይ ተጭና ትቆያለች። ጨርቁ ቀይ ነካ ካደረገው ያ ምንጣፍ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው፤ የመጣው ቢመጣ ሐሳቧን አትለውጥም። የውሃውን ሙቀት በጣቷ ሳይሆን በክርኗ እጥፋት ነው የምትለካው። «ጣትሽ ለምዷል፤ ይዋሻል» ትለኝ ነበር።

ከልማዷ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ነው። ምንጣፉ ተለቅልቆ ተለቅልቆ የመጨረሻው ውሃ ሲወርድ በእፍኟ ትቀበልና ፊቷን ትታጠብበታለች። ሳሙና ካለበት ዓይኗን ይቆጠቁጠዋል፤ ምንም ሳትናገር በእጇ ብቻ «ድገሙ» ትለናለች። ካልቆጠቆጣት ሻሿን ፈትታ ፊቷን ታደርቅበትና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የገዢው ቤት ሕፃን ፊቱን የሚደፋበት ነገር ነው፤ እኔ ፊቴን ካልሰጠሁት እንዴት እለቀዋለሁ ነበር አባባሏ።

አንድ ቀን ደግሞ ከምድጃ አጠገብ የደረቀ የበግ ጸጉር አንስታ እፍኜ ውስጥ አስቀመጠችና ጥቂት ውሃ ረጨችበት። «ያዢው፤ አትልቀቂው» አለችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ነው፤ ጸጉሩ ግን እጄ ውስጥ ሞቀ። ሕይወት ያለው ነገር የያዝኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ምንድን ነው?» አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለችኝ እየሳቀች፣ «በጉ ብርድ ላይ ዝናብ ሲመታው የሚያተርፈው ይኼ ይሆናል»። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሰው ጠየቅሁ። የሚመልስልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ባላገኝም መደነቄን የሚወስድብኝ የለም።

ሁሉም ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። እትዬ በለጡ ታማ በተኛችበት ታኅሣሥ ለአንድ ትልቅ አዳራሽ የሚሆን ምንጣፍ ነበረን። አለቃችን ደንበኛው ቸኩሏል ብሎ ከሰዓት በኋላ አሳጠበን። እዚህ አገር ከሰዓት በኋላ የታጠበ ነገር አይደርቅም፤ ያድራል። አጣና ላይ ሰቅለነው ሄድን። ጠዋት ስንመጣ ውርጩ ጨብጦታል፤ እንደ በር ቆሟል፤ ስታንኳኪው ይጮኻል። የአበባው እያንዳንዱ ጸጉር በረዶ ለብሶ ፀሐይዋ ስትነካው አብረቀረቀ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የሚያምር ምንጣፍ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። የደንበኛው መኪና ግን በር ላይ ነበር። አለቃው፣ «እጠፉና ጫኑ!» አለ። ፀሐይ እስክትነካው ይቆይ ያለችው አንዲት የቀን ሠራተኛ ብቻ ነበረች። «አንቺ ነሽ አለቃ?» ብሎ አፏን አስያዛት። በአራቱ ጥግ ይዘን አጠፍነው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደረቅ እንጨት የተሰበረ ይመስል ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ከወገቡ ላይ ድሩ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ ተገኘ፤ ደንበኛው ሳይወስደው ቀረ።

አለቃው ጥፋቱን በዚያች በቀን ሠራተኛዋ ላይ ጻፈ። እሷ የያዘችው ጥግ ነው የተሳበው አለ። ቢሮው ገብቼ፣ «አራት ሆነን አጥፈናል፤ አምስተኛው ያዘዝከው አንተ ነህ። ጥፋት ከሆነ ኪሳራው አምስት ቦታ ይከፈል፤ ልጅቷ አትቆይም ካልክ አምስታችንም እንውጣ» አልኩት። ልጅቷን አሰናበተ። እኔን ደግሞ ጸጉር ለቀማ አስገባኝ፤ በአቧራው ስስል ከረምኩ። እትዬ በለጡ ድና ስትመለስ ምንጣፉን አየች፤ ቁጭ ብላ የተቆረጠውን ድር አንድ በአንድ በመርፌ ስትቀጥል ወራት ፈጀባት። ተቀጠለ፤ ቀጥ ግን አላለም። ከዚያ ወዲህ ምንም ዕቃ ሲመጣላት አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ሆነ፦ «ውሃው የት ነው ያደረው?»

ስለ ደመወዝ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ያኖር ነበር፤ ጡረታውም ያኖራል። ሥራው ግን ከእኔ በፊት ጡረታ ወጣ። ከውጭ የሚመጣው ርካሽ ምንጣፍ ገበያውን ሞላው፤ ድርጅቱ እየጠበበ ሄደ፤ አጠባ ክፍል መጋዘን ሆነ። በከተማው ደግሞ በማሽን የሚያጥቡ ቤቶች ተከፈቱ። አንዱ ዘንድ ቆሜ አየሁ። ልጁ መጥረጊያ የሚመስለውን አፍ ምንጣፉ ላይ ወደ ኋላ ሲስበው የቆሸሸው ውሃ በሚያሳየው ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። እኛ በእግራችን ረግጠን፣ በጣውላ ገፍተን፣ ጀርባችን ተሰብሮ ቁልቁል ስንልከው የኖርነው ውሃ ሽቅብ ይሄዳል! ሰው መንገድ ላይ እየገፋኝ ሲያልፍ እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ተናድጄ ነበር ብል አይሆንም። እትዬ በለጡ ሳታየው በመሞቷ ነው ያዘንኩት።

እንግዲህ ሕይወት ይህን ሥራ ልትጀምር የተነሳችው ከዘሃራ ጋር ነው። ዘሃራ ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። እዚያ ሳለች ከባሏ ጋር ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ባሏ አልመጣም። እሷ እናቷንና ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ጠዋት ጠዋት እየወጣች የግንባታ ቦታ ድንጋይ ትሸከማለች። ሁለቱ የተዋወቁት እዚያ ነው፤ ሕይወት የዕቃ ተቆጣጣሪ ሆና። ከዕቁብ የደረሳቸውን አንድ ላይ አድርገው ያገለገለ ማሽን ሊገዙ ተስማሙ፤ አዲሱ የማይታሰብ ነው። ግቢዬ ውሃ አለው፣ ፀሐይ አለው፤ ሰጠኋቸው። ዘሃራ በመጀመሪያው ቀን እጄን ይዛ፣ «እማማ፣ ይኼ ገንዘብ አንድ ጊዜ ነው። ማሽኑ ከከዳን እኔ ወደ ድንጋዩ ነው የምመለስ። አደራ፣ አይተው ይምረጡልን» አለችኝ። እንግዲህ አደራ ማለት ይህ ነው።

ያቺ በስልክ ያየናት አዲስ መሳይ ማሽን አንድ ደላላ ዘንድ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን መጋዘን ውስጥ ነበረች። ቀለም ተቀብታለች። ሕይወት ገና ስታያት ልቧ ሄደ። ደላላው አስነሳት፤ ሞተሯ ጮኸ፤ እጃችንን አፏ ላይ አድርጎ ስትስብ አሳየን።

«እማማ፣ ከአዲስ አበባ ሆቴል ነው የወጣችው። በእንክብካቤ የተያዘች ናት።»

«ውሃው የት ነው ያደረው?» አልኩት።

«የምን ውሃ?»

«ሆዷ ውስጥ የነበረው። ኅዳርና ታኅሣሥ የት ነበረች?»

«እዚሁ ናት።»

«ይኼ በር በማታ ይዘጋል?»

ወደ ሕይወት ዞረና፣ «አያትሽ ፖሊስ ነበሩ እንዴ?» አላት። ሕይወት በኀፍረት ቀላች። እኔ ግን በጀሪካን ውሃ ይዤ ነው የሄድኩት። እሱ «ደረቋን ስትሠራ አይታችሁ የለም?» እያለ ሲከራከር እኔ ሞላኋት። ትንሽ ሠራች። ከዚያ ከሥሯ የሆነ ነገር ማልቀስ ጀመረ። ዘሃራ ጎንበስ ብላ ፓምፑን በመዳፏ ጠርጋ አየች፤ የጸጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል።

«ብረት እኮ ነው!» አለች።

ብረት ነው። ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ በውርጭ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ብረቱን ሰነጠቀው። ቀን በጣቶችሽ መሐል የሚያመልጥ ውሃ ሌሊት ብረት ይከፍታል። ባውቀውም ስንጥቁን በጣቴ ዳሰስኩት። ደላላው፣ «ሙጫ ይበቃታል» ሲል ሕይወት እንኳ ሳቀች። እዚያው ትተናት ወጣን። ያገለገለ ማሽን ለምትገዙ ሁሉ የምለው ይኸው ነው፤ ደረቁን ሲጮኽ ሰምታችሁ አትግዙ፤ ውሃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ የሰማነው ጫጫ ስላለ ሰው ነው። መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን ጠብቀን በሚኒባስ ሄድን። ሰውዬው ተሾመ ይባላል፤ የእነዋሪ ገበሬ ልጅ፣ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ የታመሙ። በዱላ እየሄደ አስገባን። ምንጣፍ ያጥብ ነበር፤ ማሽኑ ሥራ ስላቆመ ዘግቶ ወደ ሞቃቱ አገር አረርቲ፣ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ተሰናድቷል።

«አልዋሻችሁም» አለ ገና ከመቀመጣችን። «ሞተሩ አልቋል። ይጮኻል፤ አይስብም። ቱቦውን፣ አፉን፣ ገንዳውን ለመለዋወጫ ከፈለጋችሁ በብረት ዋጋ ውሰዱት።»

አስነሳው። ማሽኑ ያረጀ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ ግን ተሾመ ሁልጊዜ ሥራ ሲጨርስ ውሃውን እስከ መጨረሻው አፍስሶ አፉን ሸፍኖ እንደሚያስቀምጠው የገንዳው ውስጥ ይመሰክራል፤ እንደ ሳህን የጠራ ነው። ፓምፑን አገላብጬ ዳሰስኩት፤ ስንጥቅ የለውም። ግን እውነቱን ነው፤ አይስብም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ለመነሳት ሳስብ ዘሃራ በእርጋታ፣ «ለመለዋወጫ እንወስደዋለን ጋሼ» አለች። ዋጋ ተናገረ፤ እሷ ዝቅ አደረገች፤ ተስማሙ። ተሾመ የፈረስ ጋሪ ሊጠራ ዱላውን ይዞ ወጣ።

«አብደሻል? ለሞተ ነገር!» አለቻት ሕይወት።

ዘሃራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አልሞተም» አለች። «ወፍጮ ቤት ነው የኖርኩት። የሚሞት ሞተር ያቃስታል፤ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይንገጫገጫል። ይኼ ጤነኛ ነው። ከጩኸቱ ሥር የምትሰማዋ ቀጭን ፉጨት አለች፤ ሰማችኋት? አየር በሌላ በር እየገባ ነው።»

እኔ አልሰማሁም። የሳሙና ዱቄት በውሃ መታሁና አረፋውን በገንዳው ክዳን ዙሪያ እንደ ክር ቀባሁት፤ ማሽኑን አስነሳን። አረፋው በሁሉም በኩል ቆሟል። በአንድ በኩል ብቻ፣ የክዳኑ ጎማ ደርቆ በተላቀቀበት፣ ነጩ አረፋ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ገባና ጠፋ። ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ ዋጠው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንዲት ፉጨት የለየች ጆሮ ፊት ቆሜ፣ ዕድሜዬን በሙሉ በእጄ ብቻ ሳዳምጥ እንደኖርኩ ገባኝ።

«ይኼን ጎማ መቀየር ነው» አለች ዘሃራ። ፈገግ ስትል ያየኋት የዚያን ጊዜ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ገና ሲያስነሳው።»

«እያወቅሽ ነው በብረት ዋጋ የተስማማሽው?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «እማማ፣ የሱ ማሽን ነው። ያላወቀው እሱ ነው። እኔ ምን ዋሸሁ?»

«እሱ እኮ የሚያውቀውን አልደበቀንም። ‹አልዋሻችሁም› ብሎ ነው የጀመረው።»

«ለርስዎ ቀላል ነው!» አለች። «ርስዎ ጡረታ አለዎት፣ ቤት አለዎት። የኔን ወፍጮ የወሰደ ሰው ዋጋ ጠየቀኝ? ለኔ ማን እውነቱን ነገረኝ? አሁን አንድ ነገር በቅናሽ ቢደርሰኝ ምን አለበት? ወላሂ፣ አፍዎን ከከፈቱ ድንጋይ ያሸከሙኝ ርስዎ ነዎት።»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ሕይወት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። የጋሪው ፈረስ ቃጭል ሲሰማ፣ ተሾመም በበሩ ሲገባ፣ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«አቶ ተሾመ፣ ማሽንዎ አልሞተም።»

አላመነኝም። አረፋውን ቀብቼ አሳየሁት። ከዚያ ከብስክሌት የወጣ አሮጌ የውስጥ ጎማ ከጓዳ አመጣና ቆርጦ የክዳኑን ዙሪያ ጠቀለለው። ውሃ ጨመርን። አስነሳው። መሬት ላይ የነበረችው ቁራጭ ምንጣፍ ላይ አፉን አሳርፎ ሲስብ ጥቁሩ ውሃ ቱቦው ውስጥ ሽቅብ ተወርውሮ ወጣ። ተሾመ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ክረምት ሙሉ» አለ፣ «ሞቷል ብዬ አዝኜ…» ባለጋሪውን ለድካሙ ከፍሎ መለሰው። «ይቅርታ አድርጉልኝ። እንግዲህ አልሸጠውም።»

ዘሃራ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ማልቀሷ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሚኒባሱ መንገድ ቀጥ ብላ ሄደች። ሕይወት ተከተለቻት።

እኔ ቀረሁ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እሱ ግን ፊት ለፊቴ ነበር።

«ተሾመ» አልኩት፤ አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «እኔ ለአንተ የሚገባህን ሰጥቼሃለሁ። አሁን ተራው የአንተ ነው። ይህን ማሽን ማን አስነሳው?»

«እሷ ናት። አመሰግናለሁ።»

«ምስጋናህን ልጆቿ አይበሉትም። ቆይ፣ ጉልበትህ ተሻለህ? የረጠበ ምንጣፍ ታነሳለህ? ትጎነበሳለህ?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ማሽን አለህ፤ ጉልበት የለህም። እነሱ ጉልበት አላቸው፣ ውሃና ግቢ አላቸው፤ ማሽን የላቸውም። የገበሬ ልጅ ነህ፤ እነዋሪ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይቀናጃል» አለ፤ ሳያስበው ነው የወጣው። መቀናጆ የአገራችን ደንብ ነው፤ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በተራ ያርሳሉ፤ የአንዱን ማሳ ዛሬ፣ የሌላውን ነገ።

«ታዲያስ!»

«ከሴቶች ጋር?» አለ ዱላውን እያሻሸ።

«ከበሬ ጋር የኖርክ ሰው ከሴት ጋር መኖር ምን ከበደህ?»

ሳቀ። ከተገለበጠው ባልዲ ላይ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልቻለም፤ እጄን ሰጠሁት። ያኔ መስማማቱን አወቅሁ። ጉልበቱ ነገረኝ።

ዘሃራን መንገድ ዳር ደርሼባት ስነግራት ፊቷን ከአስፋልቱ አላነሳችም። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመልሳ፣ ተሾመ ፊት ቆማ፣ የራሷን ቃል አስቀመጠች። ማሽኑ በእሱ ተራ ሳምንት ጫጫ ይሠራል፤ እኛም እየመጣን ምንጣፉን እናነሳለታለን። በእኛ ተራ ሳምንት ደብረ ብርሃን ይሠራል፤ የደንበኛውን ገንዘብ የምትቀበለውም እሷ ናት። ሌሊት ከሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያድራል እንጂ ደጅ አያድርም። የዕቁቡ ገንዘብም ለቱቦ፣ ለጎማና ለመለዋወጫ ፓምፕ ይውላል። እሱ በሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለእኔ ግን ቃል አልተናገረችኝም። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ እስከ ደብረ ብርሃን በመስኮቱ ነው ያየችው። እንደዚያ ስንት ሳምንት ሠራን፤ «እማማ፣ ውሃ» «እማማ፣ ሳሙና» ካለችኝ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ከአንኮበር ቁልቁል ካለ አንድ መስጊድ የመጣልን ሥራ ነው ያቀራረበን። ለበዓሉ የሶላት ምንጣፋቸውን በሙሉ ሊያሳጥቡ ፈለጉ፤ ብዛቱ ስለከበዳቸው እኛ ከነማሽናችን በጭነት መኪና ወረድን። በመንገዳችን አንኮበር ከተማ ላይ አንዲት ሴት ጠይቃን አንድ ምንጣፍ አጥበን ነበር፤ እዚያ ከፍታ ላይ ማሽኑ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እያለከለከ ነው የሳበው። ከዚያ ጠመዝማዛውን ገደል ወርደን፣ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ሲቀበለን፣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ስናስነሳው ያው ማሽን፣ ያው ቱቦ፣ ያው እጅ፣ እንደ ጎረምሳ አገሳ። ዘሃራ ማጥፊያው ላይ እጇን አድርጋ ዞራ አየችኝ።

«ሰሙት?» አለችኝ። «ሰሙት እማማ? አየሩ ነው! ወፍራም አየር ጠጣ!»

«ሰማሁት» አልኳት። በእርግጥም ሰምቼው ነበር።

የምንጣፉ ውሃ እየወጣ ሲፈስ አየነው። የስንት ሰው ግንባር ያረፈበት፣ የስንት ሰው ልመና የተነገረበት ነው። መጀመሪያ እንደ ጭቃ፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ፣ ቀስ እያለ ጠራ። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ፤ አንዱ «ሱብሃነላህ» ይላል በየመሐሉ። አረንጓዴው ቀለም ከሥር ብቅ ሲል ዘሃራ ማሽኑን አቁማ ቀለሙን በመዳፏ ዳሰሰችው። እኔም ለስንት ዘመን የሠራሁት ሥራ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ታየኝ። የሰው እጅ ያረጃል እንጂ ይህ ነገር አያረጅም።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ተሾመ ጠዋት ግቢያችን መጣ። ጉልበቱ በጣም ከፍቶ ነበር፤ የአረርቲ ልጁ መኪና ይዛ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ዘሃራ ቱቦውን እየጠቀለለች ነበር፤ እጇ ቆመ። ማሽኑ የእሱ ነው፤ አንድ ሆቴል ጥሩ ዋጋ እንደሰጠው ሁላችንም ሰምተናል። ፊቷን አየሁት፤ ጫጫ መንገድ ዳር የነበረው ፊት ነበር።

«ልሄድ ነው» አላት ተሾመ። ያናገረው እሷን ነው፤ እኔን አይደለም። «ማሽኑን ልሽጥልሽ። ዋጋው የተስማማነው ነው።»

«የቱን ጋሼ?»

«ያን ቀን የተስማማነዋ። በብረት ዋጋ።»

ይህ ልክ አይደለም። ያን ጊዜ አይሠራም ብሎ ነው የተናገረው፤ አሁን ይሠራል፤ የሆቴሉ ሰው ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሰጥቶታል፤ ሰውዬው ታሟል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ከልጁ ቤት ባዶ እጁን ሊገባ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ተሾመ፣ ይኼ እኮ…»

«እማማ» አለች ዘሃራ፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ፣ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ። «አሁንስ ዝም ይበሉልኝ።»

ዝም አልኩ።